እርጥብ ወይራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ስምንት አንሶላ አጠብኩ። ማንም ያልተኛባቸው። አቧራ ብቻ ነው የለበሱት። ሎጁ እንግዳ ካየ ወራት አልፈዋል፤ ግን ባለቤቷ ወይዘሮ የሺወርቅ ከጎንደር ሊመጡ ነው ተባለ… እጠቢ አሉኝ፣ አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። አንሶላውን ዞር ብለው አላዩትም። በረንዳው ላይ ቆመው መደገፊያውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ጣታቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ ወይራው ቦታ ቦታውን ጠቁሯል፤ ሌላው አመድ መስሏል። ለገና እንግዶች ይመጡብኛል፣ ይሄን ይዤ ሰው አልቀበልም አሉ። አናጺ ፈልጉ አሉ።

የትኛውን አናጺ? ደህና ደህናዎቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሄደዋል። በረንዳውን በእጁ የሠራው ባሌ ማለደ ደግሞ… ስትሮክ ከመታው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ንግግሩም እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው።

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ዘበኛው አያ ገዱ ቀና ብለው አዩኝ። ወይዘሮ የሺወርቅም አዩኝ፣ ከእግር እስከ ራስ። "እስከ ገና ካደረስሽው…" ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ምን ነክቶኝ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለማለደ ስነግረው ሳቀ፣ በግማሽ ፊቱ። ከዚያ ሳቁን ተወና የመሣሪያ ሣጥኑን በአገጩ አመለከተኝ። አወጣሁለት። መፋቂያውን በግራ እጁ ይዞ የወንበሩን ክንድ እየላገ አሳየኝ።

"እንጨቱ… በሄደ… በት…"

"ሂጂ" ብዬ ጨረስኩለት።

ሁልጊዜ እጨርስለታለሁ። ጠያቂ ሲመጣ እኔ ነኝ የምመልሰው፣ ስልክ ሲደወል እኔ ነኝ የማወራው። ቃል ሲጠፋው ፊቱ ሲቀላ ማየት አልችልም… ወይስ መጠበቁ ነው የሚደክመኝ?

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አይቼዋለሁ። ማየትና መሥራት አንድ ቢሆንማ ጥሩ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሦስት ቀን ሊሞላ ነው፣ የተፋቀው አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ያህል ብቻ። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። አሮጌው ቫርኒሽ ብናኙ አፍ ውስጥ ይመራል። ነጠላዬን አፌ ላይ ባስረውም ይገባል።

በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች መሰላል ላይ ሲያዩኝ ቆም ይላሉ። አንዷ በስሜ ጠርታ "አልጣሽ፣ ምን አጥተሽ ነው?" አለችኝ። መፋቄን ቀጠልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ክንዴ ፀጉሬን ለመሥራት እንኳ አልነሳ አለ። ሻሽ አስሬ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ የገረመኝ ነገር አለ።

በጓሮ በኩል ያለውን መስኮት ጀመርኩ። እዚያ ጣራው ወጣ ብሎ ስለሚከልለው ዝናብ አይነካውም። መፋቂያው አልገባ አለ። ቫርኒሹ እንደ መስተዋት ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በቢላ ሞከርኩ… ወይ ፍንክች።

ያው ቫርኒሽ እኮ ነው። ያው ጣሳ። ያው ሠራተኛ።

መሰላሉ ሥር ቁጭ አልኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ማለደ ይሄን እንጨት ሁሉ በነሐሴ ቀባው፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ይላጥ ጀመር። ወይዘሮ የሺወርቅ አፋጠጡት። እሱም ጥፋቱ የቫርኒሹ ነው አለ። አንዱዓለም አቅጥኖ ነው የሸጠልኝ አለ። አንዱዓለም እዚሁ ደባርቅ ቀለምና ቫርኒሽ ይነግድ ነበር። ሚስቱ የልጃችን የሊድያ የክርስትና እናት ናት፤ እሱም አበልጃችን። ከማለደ ጋር በአንድ ኩባያ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። "ውኃ ሻጩ" አሉት። ሱቁ ሰው የማይገባበት ሲሆን ዘግቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ ዳባት ገባ።

እኔስ? እኔም ብያለሁ። ገበያ መሐል፣ ሚስቱን አገርነሽን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ "ለአበልጁ ውኃ የሚሸጥ ለሌላው ምን ሊሸጥ ነው?" አልኳት። ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

መስኮቱን ሳልፍቀው ተውኩት። ምኑ ይፋቃል? የቀጠነ ቫርኒሽ ሦስት ዓመት እንዲህ አይይዝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ትናንት ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። የፋቅሁት ወይራ ሁሉ ራሰ። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ላዩ ነጣ፣ የደረቀ መሰለኝ። ነገ ልቀባ ነው ስለው ማለደ ራሱን ነቀነቀ። ፌስታል አምጪ አለኝ። እንጨቱ ላይ ወጥረሽ እሰሪው፣ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ውስጡ ካላበው እንጨቱ ውኃ ይዟል ማለት ነው። ይሄን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ግማሹን እኔ ገመትኩለት።

ከዚያ ዝም ብዬ፣ በክፋት አይደለም፣ "ያን ጊዜስ ፌስታል አስረህ ነበር?" አልኩት።

ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ፌስታሉ አላበው። ነጠብጣብ ነው ውስጡ። ላዩ እንዲያ ደርቆ…

አያ ገዱን ጠየቅኋቸው። ጨነቅ፣ ተራራው ፓርክ ውስጥ፣ ስካውት ጠባቂ ሆነው ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ አይዋሹም፣ ካልጠየቅኋቸው ደግሞ አይናገሩም። ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ነገሩኝ። ማለደ ያን ነሐሴ ጠዋት ጠዋት ውኃውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር የሚቀባው። እመቤቲቱ ለመስቀል ይድረስ ብለው በየቀኑ ይደውሉ ነበር። "እንጨቱ እኮ እርጥብ ነው፣ ማለደ" ስለው "አውቃለሁ፣ አያ ገዱ፣ ምን ላድርግ" አለኝ አሉ።

"ለምን ለሰው አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?"

እውነት ነው። እኔ እንኳን አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ነገርኩት። አያ ገዱ ያሉትን አንድ በአንድ። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ።

"ቫር… ኒሹ…" አለ።

"ቫርኒሹ ነው ልትለኝ ነው? ዛሬም?"

ግራ እጁን አወናጨፈ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። "ቫር…" አለ ደግሞ። አልጠበቅሁም። ሦስት ዓመት ሰው አሳምተህ፣ እኔንም ሐሜተኛ አድርገህ፣ ዛሬም ቫርኒሹ? ብዬ በሩን ጎትቼ ወጣሁ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምሳውን አልነካውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አንነጋገርም። አጎርሰዋለሁ፣ ልብሱን አለብሰዋለሁ፣ ግን አንነጋገርም። ይሄ ከመሰላሉ ይከብዳል።

ፌስታሉ ዛሬ ደረቅ ሆኖ ዋለ። የመጀመሪያውን ዙር ቀባሁ፣ በማቅጠኛው በአኳራጅ አቅጥኜ። የመጀመሪያው ቀጭን ካልሆነ አይሰርግም፣ ይሄን ከድሮም አውቃለሁ። ወይራው ሲጠጣው ቀለሙ ወጣ… ቡናማ፣ መሐሉ ወርቅማ። አመድ ነበር እኮ። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ለማን ልንገር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቁራ በእርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ተራምዳ ሄደች። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ እንደ ባለሥልጣን። አያ ገዱ ሳቁ። እኔ ለመሳቅም ደከመኝ። የእግሯን ዱካ በብርጭቆ ወረቀት አጠፋሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። በዓል ነው ብዬ አልሠራሁም። ግን ከበዓሉ ዋዜማ የቀባሁት ገና ሳይጠነክር፣ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አጨሰ፤ ኅዳር ሲታጠን ነዋ። እንዴት ረሳሁት? ዛሬ ስሄድ መደገፊያው ሁሉ ጥላሸት ይዞ፣ በእጅ ሲነካ ይሻክራል። ሁለተኛው ዙር ከነልፋቱ ሄደ። እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ።

አላለቀስኩም። ከአያ ገዱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ድካሙ አጥንት ውስጥ ነው። ማለደ ያየኛል።

"ቫር… ኒሹ…" አለ።

ልቆጣ ነበር። አቅም አጣሁ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ትዕግሥት አይደለም፣ አቅም ነው ያጣሁት። ዝም አልኩ። እሱም ፈለገ፣ ፈለገ… ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

"ደህና… ነበር።"

ቫርኒሹ ደህና ነበር።

ያን ቀንም ይሄንኑ ሊለኝ ነበር ማለት ነው? እኔ አፉን ዘጋሁበት? ስንት ነገር እንዲህ ጨርሼበታለሁ… እሱ ሊል የፈለገውን ሳይሆን እኔ ያልኩትን ይዞ ስንቴ ዝም ብሏል?

ደግሞ "ዳባት…" አለ። ቆየሁ።

"ውሰ… ጂኝ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዳባት ደርሰን መጣን።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ደግፎ አስገባልኝ። ማለደ መንገዱን ሁሉ መስኮት መስኮቱን አየ። ከታመመ ወዲህ ከደባርቅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ክንዴን ይዞ ሲራመድ እግሩ መሬቱን ይጎትታል፤ ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ ሦስት ጊዜ አረፍን።

የአንዱዓለም ሱቅ አሁን አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሚስማር፣ ገመድ፣ ጥቂት ጣሳ ቀለም። ቫርኒሽ አላየሁም። ሲያየን ብድግ አለ፤ መቼም ማለደ እንዲህ ሆኗል ብሎ አልጠበቀም። ወንበር አወጣ። ሽበት በሽበት ሆኗል እሱም።

ማለደ ጀመረ። "እንጨቱ… እር…" እያለ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬቱን አየሁ። ጨረሰው። እርጥብ ነበር አለ። ይቅር በለኝ አለ። ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ ድረስ ያወራ መሰለኝ፤ የተናገረው ግን ከአምስት ቃል አይበልጥም።

አንዱዓለም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያየው፦

"ማለደ፣ እዚህ ዳባት ማንም በክፉ አያነሳኝም። ስሜ የጠፋው ደባርቅ ነው። እዚያው መልስልኝ" አለ።

አገርነሽ ከጓዳ ወጥታ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሄድኩና እኔም ያን ቀን ገበያ ላይ ያልኩሽ… ብዬ ጀመርኩ።

"አውቀዋለሁ ያልሽውን" አለች። "አትድገሚው።"

ግን ውኃ ሰጠችን። ማለደ ሲጠጣ እንዳይፈስበት ኩባያውን ራሷ ያዘችለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ፈርቻለሁ። ደባርቅ ላይ ሲነገር ወይዘሮ የሺወርቅ ጆሮ ይደርሳል። ሥራው ገና አላለቀም። ባል ያበላሸውን ሚስቱ ልታድሰው? ይላሉ። አስወጧት ቢሉስ? ጾሙም ገብቷል፣ ሆዴ ባዶውን ይጮሃል…

ዝም ብንልስ? እስከ ገና ብቻ። ለማለደ ይሄንኑ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ብሎ። እልኸኛ ነው። ከመታመሙ በፊት እንዲህ እልኸኛ በሆነ ኖሮ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ውርጩ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል እንጨቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣል። በመሐል ያለችው ናት የኔ። በጨርቅ አብሳለሁ፣ ፌስታል አያለሁ፣ እቀባለሁ። ሦስተኛው ዙር ያለ ጥላሸት፣ ያለ ቁራ ደረቀ።

ቤት ስገባ ደግሞ ጌሾ መውቀጥ አለ። ቅዳሜ የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የኛ ነው። ማለደ ለአንዱዓለም ላኪበት ብሎኛል። ላክሁበት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

መጣ። ከማኅበሩ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲገባ ጨዋታው ቆመ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ። አንዱ ሰው ሸሸት አለለት፤ ለቦታ ይሁን ለሌላ እንጃ።

መምሬ ቴዎፍሎስ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ከቆረሱ በኋላ ማለደ በግራ እጁ ወንበሩን ይዞ ለመነሳት ታገለ። ልይዘው ሄድኩ። በዓይኑ መለሰኝ። ቆመ።

"ቫርኒሹ…" አለ።

ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ለምደዋላ፣ እኔ ነኝ የምናገረው። ቃሉ ምላሴ ላይ አለ፣ ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ አለ፣ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰውና ልገላግለው እችላለሁ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። መምሬም አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ማለደ መለሱ። ያኔ ሌላውም ወደ እሱ ዞረ።

"ደህና… ነበር። እንጨቱ… እርጥብ። በ… ዝናብ… ቀባሁ።"

ላቡ በአገጩ ወረደ። በቃ፣ ይሄ ይበቃል፣ ተቀመጥ አልኩ በሆዴ። አልተቀመጠም። አንዱዓለምን እያየ፦

"አውቅ… ነበር" አለ።

ይሄን ማንም አልጠየቀውም። ሳላውቅ ነው ቢል ሁሉም ያምነው ነበር። አያ ገዱ የማኅበሩ ሰው አይደሉም፣ እኔም አልናገርም ነበር። ራሱ ነው የጨመረው።

አንድ ሁለት ሰው ጎንበስ አለ፤ እነሱም እኮ "ውኃ ሻጩ" ሲሉ የነበሩ ናቸው። አንዱዓለም ተነሳ። እንባ አላየሁበትም፣ ቁጣም አላየሁበትም።

"ሰማሁ" አለ። መምሬን ተሳልሞ፣ መኪና ሳያመልጠኝ ብሎ ወጣ። ጠላውን አልቀመሰውም።

ማለደን አስቀመጥኩት። ዳቦ አቀረብኩለት፣ በራሱ እጅ በላ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

አለቀ። አራት ዙር። ወይዘሮ የሺወርቅ መጥተው መደገፊያውን በጥፍራቸው ጫሩት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ጥፍራቸው ሸተት አለ። መስኮቶቹን ዞረው አዩ። "እጅሽ ይባረክ፣ ከማለደ አላነስሽም" አሉኝ።

እዚያው ነገርኳቸው። ወሬው አልደረሳቸውም ኖሯል። የነሐሴውን፣ የእርጥቡን ወይራ፣ የአንዱዓለምን። ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ረጅም ጊዜ ተራራውን አዩ። "እኔ ጎንደር ላይ ለስንቱ ነው ያን ቀለም ነጋዴ ያማሁት?" አሉ። ከዚያ ደግሞ፦ "ምነው ባትነግሪኝ።" ለመስቀል ይድረስ ብለው ስላጣደፉት አላነሱም። እኔም አላነሳሁባቸውም።

የሥራዬን ሰጡኝ፣ አላጎደሉም። ሲሄዱ ግን አንሶላውን ከገና በኋላ ሌላ ሴት ታጥበዋለች አሉኝ። አሥር ዓመት ያጠብኩት አንሶላ… አያ ገዱ በሩን ከፈቱላቸው፣ እኔን ግን አላዩኝም።

ተኛሁ። በቀን። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

የማላውቀው ሰው ደወለ። ኮሶዬ መንደር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት አለኝ፣ በሩና መስኮቱ የዋንዛ ነው፣ ፀሐይና ዝናብ በላው፤ አንቺ ነሽ አሉ የምትሠሪው አለኝ። ማን ነገረህ አልኩት።

"ዳባት ያለው አንዱዓለም።"

ምን ብሎ ነገረህ? አላልኩም። የጥር ወር ይበቃኛል፣ እመጣለሁ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ እጄን አየሁት። ያኔ ውኃ የቋጠረው ቦታ ሁሉ ጠንክሯል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ከደጅ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ፀሐይ አለች።

ጠዋት ስልክ ጠራ። አንዱዓለም። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው። እንደ ልማዴ ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው፣ ምን ልንገርልህ? አልኩ።

"እሱን ስጪኝ" አለ።

ቶሎ አይናገርም እኮ፣ ይቆያል፣ ብዬ ላስጠነቅቀው ነበር። ተውኩት። ስልኩን ማለደ ግራ እጅ ላይ አደረግሁለት። ጆሮው ላይ ለማድረስ ጊዜ ፈጀበት። "አን… ዱ…" አለ። እዚያው ቆመ፣ ቃሉን ይፈልጋል።

ወጣሁ። በሩንም ገጠም አደረግሁት።

ይኸው ብዙ ቆየሁ። የማለደ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ረጅም፣ ከዚያ እንደገና። ምን እንደሚባባሉ አልሰማም። አልጠይቀውም። እሱ ከነገረኝ ይነግረኛል።